የሚልክያስ ቀፎ ምልክት

ጥሩብርሃን በጂንካ ንግድ መምሪያ ውስጥ ማንም የማይመኘውን ጠረጴዛ የያዘች ሴት ነበረች። ሥራው በወረቀት ሲነበብ ያኮራል፤ የፈጠራ ሥራና የንግድ ምልክት ማመልከቻ ተቀብሎ አዲስ አበባ ላለው መዝጋቢ መሥሪያ ቤት መላክ ነው። ችግሩ የሚያመለክት ሰው አለመኖሩ ነበር። በየዓመቱ ከአዲስ አበባ ሁለት ባለሙያዎች መጥተው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሥልጠና ይሰጣሉ፤ ሕዝቡም ለስላሳውን ጠጥቶ፣ የተሰጠውን ኮፍያ ደፍቶ፣ በራሪ ወረቀቱን ለልጁ ደብተር መለበጃ አድርጎ ወደ ቤቱ ይገባል። ሰኔ ሲያልቅ ጥሩብርሃን የዓመቱን ሪፖርት ትጽፋለች። "የተመዘገበ የንግድ ምልክት" ከሚለው መስመር ፊት ለፊት ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ክብ ዜሮ ብቻ ስታስቀምጥ ኖራለች። አለቃዋ አቶ ሀብተ ማርያም ክፉ ሰው አልነበረም፤ "የዘንድሮው ክብ ደግሞ በጣም አምሯል" ብሎ ይፈርማል። ቢቆጣት በስንት ጣዕሙ።

በዘጠነኛው ዓመት፣ በ2010 መሆኑ ነው፣ ጥቅምት ላይ ሚልክያስ መጣ። ከጂንካ በላይ ካለው የአሪ ደጋ የወረደ ንብ አርቢ ነው፤ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ያን ሁሉ ጭቃ አቋርጦ ጫማው እንዴት ንጹሕ ሆኖ እንደሚደርስ ማንም የማያውቅ ሰው። በእጁ አንድ ኪሎ ነጭ ማር የያዘ ብልቃጥ ነበር። በብልቃጡ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ሦስት አጋዳሚ ጭረት፣ ከሥራቸውም አንድ ግማሽ ክብ ተስሏል።

"ይህ ምንድነው?" አለችው።

"የቀፎ ምልክት ነው፣ እትዬ። ጫካ ውስጥ ቀፎ ስንሰቅል ክዳኑ ላይ እንፈለፍለዋለን። ይህንን ያየ ሰው እጁን አያስገባም።"

ከዚያ ጉዳዩን ነገራት። አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ መደብር ማሩን ቀምሶ ወዶታል፤ ነገር ግን የምልክቱን የምስክር ወረቀት እስከ መስከረም ካላመጣህ ከሌላ ሰው እንገዛለን ብሎታል። ሚልክያስ ለዚህ ነገር ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላልሷል። ብልቃጡን የመረጠው እሱ፣ ወረቀቱን ያሳተመው እሱ፣ ያን ሁሉ መንገድ ማሩን በአውቶቡስ ላይ ጭኑ ላይ አቅፎ ያደረሰው እሱ ነው። አሁን ምልክቱ በስሙ እንዲወጣለት ይፈልጋል። ጥሩብርሃን ይህን ስትሰማ ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳይታይባት አጎንብሳ ቅጹን መፈለግ ጀመረች።

ቅጹን አንድ በአንድ እያነበበች ሞላችለት። "ምልክቱን ካንተ በቀር የሚጠቀምበት ሌላ ሰው አለ?" የሚለው ላይ ደረሱ።

"ሌላ ሰው የለም" አለ ሚልክያስ። አላመነታም።

ማመልከቻው ተላከ። መጋቢት ላይ አዲስ አበባ ደወለ፤ ምልክቱ ተመርምሮ አልፏል፣ በጋዜጣ ይወጣል፣ በስልሳ ቀን ውስጥ የሚቃወም ሰው ካልቀረበ ሰኔ ሳያልቅ የምስክር ወረቀቱ ይሰጣል። ጥሩብርሃን ስልኩን እንደዘጋች ብድግ ብላ ቢሮዋን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ትንሽ ቢሮ ስለሆነች ብዙ አላደከማትም።

እዚህ ላይ ብትተወው ኖሮ ነገሩ ሁሉ አልቆ ነበር። ግን ትጉህ ሰው አርፎ መቀመጥ አያውቅም። ጋዜጣው ጂንካ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ቢደርስም የሚያነበው በጣት የሚቆጠር ሰው ነው። ማንም ያልሰማው ማስታወቂያ ምን ማስታወቂያ ነው ብላ አሰበች። ስለዚህ ባሮክን ጠራችው። ባሮክ የክትባትና የግብር ነገር ሲኖር ገበያ መሐል ቆሞ በድምፅ ማጉያ የሚለፍፍ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው። በቅዳሜ ገበያ፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በአሪኛ፣ እንዲህ ብሎ ለፈፈላት፤ "የማር ነጋዴው ሚልክያስ ይህን የቀፎ ምልክት በስሙ ሊያስመዘግብ ነው። ቃል ያለው ሰው እስከ ግንቦት ሃያ አራት ንግድ መምሪያ ቀርቦ ይናገር።" ሕጉ ይህን አላዘዛትም። ነገር ፍለጋ ማለት ይኼ ነው።

ሃምሳ ዘጠኝ ቀን ማንም አልመጣም። በስልሳኛው ቀን ጠዋት ሚልክያስ ጫማውን ወልውሎ መጥቶ ከቢሮዋ በር ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ቀኑ እስኪመሽ ሊጠብቅ። ሦስት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ጫጫታ ተሰማ። ጥሩብርሃን በመስኮት ብታይ፣ ሽማግሌው፣ ባልቴቷ፣ ሕፃን ያዘለችው፣ ዱላ የያዘው፣ አርባ አንድ ሰው በሩን አልፎ ገብቷል። ከፊት ሁለት ጎረምሶች ጥቁር ያለ አሮጌ ቀፎ ተሸክመዋል።

"እነማን ናቸው?" አለች።

ሚልክያስ ቆሞ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። "ዘመዶቼ ናቸው፣ እትዬ።"

አቶ ሀብተ ማርያም በበሩ ብቅ አለ። "ጥሩብርሃን፣ ስምንት ዓመት ሰው ጠፋ ስትዪ ነበር። በይ እንግዲህ ተቀበያቸው።"

ቀፎው ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠ። የቻለው ሰው ገባ፣ ያልቻለው በመስኮት ተደገፈ። ከሁሉም ቀድሞ የተናገረው ተገኝ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ የሚልክያስ አባት ታላቅ ወንድም። አማርኛውን ቀስ እያለ፣ እየመረጠ ነበር የሚናገረው።

"ልጄ፣ የልጃችን ስም በገበያ ተጠራ። የሰው ስም በገበያ ተጠርቶ ቃል ያለው ይምጣ ሲባል፣ ቤቱ የተቀመጠ ዘመድ እንደ ካደው ይቆጠራል። ድንበር ሲለካም፣ ከብት ሲጠፋም እንደዚሁ ነው። አጠገቡ ካልቆምን ዘመድ የለውም ይባላል። እርሻው ይዞን ዘገየን እንጂ የሰማን ዕለት ልንመጣ ነበር።"

ጥሩብርሃን ትንፋሿ ተመለሰ። "ታዲያ ልትቃወሙ አይደለም የመጣችሁት?"

"ምኑን እንቃወማለን? ምልክቱ የሱ ነው ልንል መጣን እንጂ።"

እስክሪብቶዋን አነሣች። ይህንማ በደስታ ነው የምትጽፈው። "ምልክቱ የሱ ነው" ብላ ጻፈች።

"የሱ ነው" አለ ተገኝ፣ ከቀፎው ክዳን ላይ አቧራውን በእጁ እየጠረገ። ሦስቱ ጭረትና ግማሹ ክብ ብቅ አሉ። "የኔም ነው። የዚህችም ነው፣ የዚያም ነው። ይህን ቀፎ የፈለፈለው አያታችን ነው። ከሱ የወጣን ሰባት ቤት ነን፤ ሰባታችንም ይህንኑ ነው የምንፈለፍለው። ጻፊው።"

እስክሪብቶው ቆመ።

ጥሩብርሃን ነገሩን ልታስረዳቸው ብዙ ደከመች። ምልክቱ በሚልክያስ ስም ብቻ ነው የተጠየቀው። ከሱ በፊት ስንጠቀምበት ኖረናል የሚል ሰው ከቀረበ፣ በፍቅር ቢልም በጠብ ቢልም፣ ወረቀቱ የሚያውቀው ተቃውሞ ብሎ ነው። ማመልከቻው ይታገዳል። እሷ ወደ ሚልክያስ ዞረች።

"ሌላ ሰው የለም ብለኸኝ ነበር።"

"ሌላ ሰው አይደሉማ" አለ ሚልክያስ። ከልቡ ነበር።

ሽማግሌው፣ "ልጄ፣ የትኛውን ቃል ባንናገረው ይሻላል? ንገሪንና እሱን ትተን እንሂድ" አለ።

ጥሩብርሃን በሕይወቷ እንዲህ ተፈትና አታውቅም። የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም እውነት ነው። እግዜር ይስጥልኝ ብላ ብትሸኛቸው ሰኔ ሳያልቅ ሚልክያስ ወረቀቱን ይይዛል፣ እሷም ከስምንት ዓመት ክብ ትገላገላለች። ደግሞም እኮ እነሱው ናቸው የለመኗት። ግን ቀፎው ጠረጴዛዋ ላይ ተጋድሟል፤ ምልክቱን አይታዋለች። ያየችውን አላየሁም ማለት አቃታት፤ ዝም ለማለትም አፈረች። ሳታውቀው ወረቀቷን በእጇ ሸፈነች።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለ ሚልክያስ። "በስሜ ብቻ ከወጣ፣ ነገ አጎቴ በገዛ ቀፎው ላይ ቢፈለፍለውና ማሩን በዚህ ምልክት ቢሸጥ፣ ጥፋተኛ ይሆናል?"

"ልትከሰው ትችላለህ።"

ሚልክያስ ጫማውን ተመለከተ። "ብልቃጡ የኔ ነው። ልፋቱም የኔ ነው። ምልክቱን ግን ስወለድ ነው ያገኘሁት። ማመልከቻዬን አንሺልኝ።" መደብሩም፣ መስከረምም፣ ሦስት ጊዜ የተመላለሰበት መንገድም እዚያው እንደ ቀረ ሁሉም አወቀ።

"ቆይ" አለ ተገኝ። "ያ መደብር ስንት ኪሎ ነው የጠየቀህ?"

"በወር አምስት ኩንታል።"

"ካንተ ቀፎ?"

የሚልክያስ ቀፎዎች ብቻቸውን ይህን ያህል አይሰጡም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለሌሊቱ ሐሳብ ትቶት የኖረ ነገር ነበር። ሽማግሌው መሣቅ ጀመረ፤ መስኮት ላይ የተደገፉትም ተቀባበሉት። "ሰባት ቤት ሳትይዝ አምስት ኩንታል ቃል ገባህ? ሊያሳስሩህ ነበር እኮ። እንኳን መጣን።"

ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ፤ ጥሩብርሃን ወዲያው ወደ መደብሩ ደወለች። ከብዙ ማስረዳት በኋላ፣ ማሩ ከሰባት ቤት የሚመጣና የማይቋረጥ ከሆነ ወረቀቱን እስከ ጥር እንጠብቃለን አሏት። ከመሳቢያዋም ሥር ማንም ጠይቋት የማያውቀውን ቅጽ አወጣች፤ ብዙ ሰዎች ባንድነት ለሚያስመዘግቡት የጋራ ምልክት የሚሞላ ነው። አርባ አንዱም ስማቸው እንዲጻፍ ፈለጉ፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥተን ሳንጻፍ አንመለስም አሉ። ጻፈቻቸው። የአውራ ጣት ቀለሙ እኩለ ቀን ላይ አለቀ፤ አቶ ሀብተ ማርያም የራሱን አምጥቶ ቆሞ ያስፈርም ጀመር።

የቀረው አንድ መስመር ነበር። ሰባቱን ቤት ወክሎ የሚፈርም፣ ስሙ ከምልክቱ ጎን የሚጻፍ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ሚልክያስ ይህን ሲሰማ ለሽማግሌው ቦታ ለመልቀቅ ከጠረጴዛው ራቀና ከሰው ኋላ፣ ግድግዳው ሥር ቆመ። ጥሩብርሃን ሕጉ እንደሚለው ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው አስቀርባ ጠየቀች።

"ሚልክያስ" አለ ተገኝ።

ሁለተኛው ቤት ሚልክያስ አለ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንዲሁ። ከራሱ ቤት እናቱ ነች የቀረበችው፤ እሷም ስሙን ጠራች። ስድስተኛው ሰውዬ አማርኛ ስለማይችል በጣቱ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። ሰባተኛዋ ብዙወርቅ የምትባል፣ ለዚያ ቤተሰብ ተድራ የመጣች አሮጊት ናት፤ ጥያቄው ራሱ አናደዳት።

"ማሩን በጭኑ አቅፎ የወሰደ ሰው እያለ" አለች፣ "ሌላ ማንን ልትጽፊ ነበር?"

ጥሩብርሃን ስሙን ጻፈችና ወረቀቱን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋችው። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ሚልክያስ እስክሪብቶውን ያዘ፤ እስኪፈርም ድረስ አጎቱ ወረቀቱን ያዘለት።