አየር ላይ የጠበቀ ቡሎን

ሞተር የሚያጓራ መኪና የመካኒክ ወዳጅ ነው፤ ጥፋቱን በጩኸቱ ይሸፍንለታል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ይሉኝታ ብሎ ነገር አያውቅም። ዝም ብሎ እየሄደ አንዲት ቡሎን ብትላላ ለመንገደኛው ሁሉ ያሳብቃል። ስለዚህ አልወደውም። አልወደውም ማለቴ አልችለውም ማለቴ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ።

ታላቅ እህቴ ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡ በር ላይ ጥሩምባዋን ስትነፋ ለሦስተኛ ጊዜ መምጣቷ ነበር። አራት ልጆች ትምህርት ቤት የምታመላልስ ሹፌር ናት፤ መተዳደሪያዋ ይኸው የኤሌክትሪክ መኪናዋ ብቻ ነው። ከአራት ወር በፊት የፊት እግሩን ቡሽ የቀየርኩላት እኔ ነኝ። ጎማውን ከመኪናው ሆድ ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ ብራቾ የምንለው፣ ጫፉ ላይ ወፍራም ላስቲክ አለው፤ ቡሽ እሱ ነው። ወር ሳይሞላ “ቋ ይላል” ብላ መጣች። ሰቅዬ አየሁት፤ ምንም የለም። “ተፈጥሮው ነው” ብዬ ሸኘኋት። ሁለተኛ ስትመጣ ደግሞ “እታለም፣ አዲስ ጆሮ አበቀልሽ እንዴ?” ብዬ ሳቅሁባት።

ዛሬ ግን ለሳቅ የሚሆን ፊት አልነበራትም።

“ወላጆቹ ተሰብስበው ጨርሰዋል። እስከ ሰኞ ድምፁ ካልጠፋ ሌላ ሹፌር እንይዛለን አሉኝ” አለች። “አንተ ደግሞ ዛሬም ተፈጥሮው ነው በለኝና የእኔን ተፈጥሮ አሳይሃለሁ!”

“ሳላገኘው ከዚህ ግቢ አይወጣም” አልኳት።

መኪናውን በሊፍት ሰቀልኩት። ጎማዎቹን ይዤ ነቀነቅሁ፤ ደህና ናቸው። ሾኩ ደህና፣ ስፕሪንጉ ደህና። ብራቾውን በረጅም ብረት ፈለቀቅሁት፤ ወይ ፍንክች። አውርጄ ነዳሁት። የግቢው በር ላይ ያለውን ጉብታ ስወጣ፣ ቋ! መልሼ ሰቀልኩት፤ ጸጥ። ሦስቴ ሰቀልኩ፣ ሦስቴ አወረድኩ፤ ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ። ሲሰቀል ጤነኛ፣ ሲወርድ በሽተኛ። ያኔ መፍቻዬን ወርውሬ የመኪናውን ፈልሳፊ ሰባት ትውልድ ሰደብኩ።

“መሬት ላይ ከሆነ የሚያመው፣ መሬት ላይ እንዳለ እየው እንጂ” አለች እህቴ።

“ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው!”

“ባለቤቱ እኮ እኔ ነኝ” አለችኝ።

ሊፍት ከገዛን ወዲህ በሳንቃ የከደንነውን፣ ድሮ ከመኪና ሥር ገብተን የምንሠራበትን ጉድጓድ ከፈትኩ። ያጠራቀመውን አሮጌ ጣሳና ጨርቅ ጠርጌ አወጣሁ፤ መኪናው በገዛ እግሩ ከላይ ቆመ፣ እኔ ከሥሩ ገባሁ። እሷ በጣም ቀስ ብላ ወደፊትና ወደኋላ ታንቀሳቅሰዋለች፤ እኔ መዳፌን ብራቾው ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ግራው ዝም አለ። ቀኙን ስይዝ ግን ቋ ያለው እጄ ውስጥ ነው። የእጅ ባትሪ አበራሁበት። ቡሹ ተጠምዝዞ፣ ግማሽ ዙሪያው ተቀዷል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰውዬ “ሰቅለህ ፍታ፣ ሰቅለህ እሰር” ይለኝ ነበር፤ እኔም ዕድሜዬን በሙሉ እንደዚያው ሳደርግ ኖርኩ። ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑን ካጠበቅኸው ግን ላስቲኩ በዚያው ቦታ ይታሰራል፤ መኪናው ሲወርድ እንደተጠመዘዘ ይቀራል። ቀላሎቹ የድሮ መኪኖች ችለውኝ ኖረዋል። ይኼኛው ያን ሁሉ ባትሪ ተሸክሞ አልቻለኝም። ስሰቅለው ደግሞ ላስቲኩ እኔ ወዳሰርኩት ቦታ ይመለስና ቅዳዱ ይገጥማል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ይኼ ነው።

“አገኘኸው?” አለች ከላይ።

አፌ ላይ የመጣው “ዕቃው ፎርጅድ ነው” የሚል ነበር። ማን ያውቅብኛል? አፈርኩ፤ ጉድጓድ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ፊቴ ነደደ።

“አግኝቼዋለሁ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እታለም” አልኩና አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም።

“የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር እኮ” አለች። “ጆሮሽ ከልጅ ጆሮ ይሻላል አለችኝ። አላመንኳትም። የገዛ ወንድሜ ምንም የለም እያለኝ እሷን እንዴት ልመን?”

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሱቆቹ ሳይዘጉ ሮጬ ሁለት አዲስ ቡሽ ገዛሁ። ሊፍቱ ላይ ገጠምኳቸው፤ ቡሎኖቹን ግን አላጠበቅኋቸውም። መኪናውን በጎማው አቁሜ፣ ጉድጓዱ ውስጥ አንገቴን አጣምሜ፣ መፍቻው በማይዞርበት ጥበት ሩብ በሩብ አጠበቅሁ። የጣቶቼ ቆዳ ተላጠ። “ተወው፣ ትንሽ ረፍ በል” ብትለኝ እንቢ አልኩ። ጉብታውን አሥር ጊዜ ወጣች፤ ጎማው ጠጠር ሲረግጥ ብቻ ተሰማ።

ሰኞ ጠዋት ሳትጠራኝ ከጎኗ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ቤት በር ላይ አንዲት እናት የልጇን እጅ ጨብጣ ቆማለች። ወርጄ ሰላምታ ሰጠኋት።

“የመኪናው ጥፋት የእኔ ነው” አልኳት። “ሹፌሯ ከመጀመሪያው ቀን ነግራኛለች፤ አልሰማ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ተሠርቷል።”

“ደህና ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለኝ?”

“እኔን አይመኑኝ። ሁለቴ ደህና ነው ብዬ ዋሽቻለሁ። እሷን ይጠይቋት።”

ሴትየዋ ወደ እህቴ ዞረች። እህቴ አልቸኮለችም፤ ሁለቱን እጆቿን መሪው ላይ አድርጋ አየቻት።

“አዳምጬዋለሁ። ደህና ነው” አለች።

እናትየዋ በሩን ከፍታ ልጇን አስገባችና ቀበቶውን አሰረችለት። ገና ሦስት ልጆች ይቀራሉ፤ እኔ ቦታውን ለቅቄ በእግሬ ወደ ጋራዡ ተመለስኩ።