የዘጠኝ ሰዓት ስፌት

«ይቺን የሰፋቻት ሴትዮ መነጽሯን ቤት ረስታለች!»

ተማሪው ሁሉ አውካካ። ቀልደኛው ልጅ የተረተረውን የሸሚዝ እጅጌ እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጎ አሳየ፤ ስፌቱ ሳስቶ ጨርቁን ለስሙ ያህል ነው የያዘው።

የዲዛይን መምህርቷ አልሳቀችም። ከኋላ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እግራቸውን አነባብረው ማስታወሻ ይይዛሉ። የዛሬው ትምህርት ካላማራቸው ቦታዋን ዲግሪ ላለው ይሰጣሉ። ዲግሪ የላትም፤ ሙያውን የተማረችው ልብስ እየፈታች ነው። ስትቀጠር «በምርት ዘርፍ ሠርቻለሁ» ብላ ነበር። ውሸት አይደለም፤ እውነት ለመባል ግን ቁመት ያንሰዋል።

«የሌላኛውንም ሸሚዝ ግራ እጅጌ አምጣው» አለችው። ሁለቱን እጅጌዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አነጠፈች። «አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ቀን፣ አንድ እጅ ናቸው። ይሄ ደቃቁ የጠዋት ነው። ያ የሳሳው የዘጠኝ ሰዓት ነው። አለቃው መጥቶ ‹ቁጥሩ አልሞላም› ብሎ ሲቆምባት፣ ሰፊዋ የማሽኑን መዘውር ነካ ታደርግና ስፌቱን ታረዝመዋለች። መርፌው ይሮጥላታል፤ ሽንት ቤት ደርሳ ትመለሳለች።»



«ቲቸር፣ ይሄን ማን ነገረሽ?» አለ ልጁ።

ኃላፊው ከማስታወሻቸው ቀና አሉ። ካፈርኩ አይመልሰኝ፣ አለች በልቧ።

«ማንም። አራት ዓመት ሙሉ ግራ እጅጌ ስሰፋ ኖሬያለሁ። ቀኙን እንኳ አላስነኩኝም፤ እሱ የጎረቤቴ ነበር። ዓይኔ ደግሞ፣ ተመስገን፣ ደህና ነው።»

ልጁ አቀርቅሮ የራሱን ንድፍ ሳበ። ባለ ሦስት እጥፋት ኪስ ነበር፤ ሲስለው ሳምንት ፈጅቶበታል። «ለዚህስ ስንት ደቂቃ ይሰጧታል?»

«ደቂቃ? አርባ ሰከንድ።»

ላጲስ ፈለገ።

ኃላፊው ተነሡ። ጫማቸው እየተንቋቋ በወንበሮቹ መሃል መጡ፤ ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ኮታቸውን አውልቀው ገለበጡና ከእጅጌዎቹ አጠገብ አኖሩት።

«ለሚቀጥለው ሳምንት ሱሪ አምጪላቸው» አሉ። «እስቲ አሁን እህቴ፣ የኔስ በስንት ሰዓት ተሰፋ?»

የእጅጌውን ውስጥ ወደ መስኮቱ አዙራ ስፌቱን በጥፍሯ ተከተለችው። ደቃቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ያልቸኮለ።

«ጠዋት ነው» አለች። «እንቅልፍ የጠገበች ሴት ናት የሰፋችው።»

ቀና ስትል፣ ተማሪዎቹ የየራሳቸውን ጃኬት እያወለቁ ይገለብጡ ነበር።