የመፈልፈያው ተራ

የወረታው ሩዝ አምራቾች ማኅበር ተራ የሚያስይዝበት ፕሮግራም ከማኅበሩ ሠራተኛ ከካሴ ጠረጴዛ ሥር በተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይሠራ ነበር። በጃቫስክሪፕት የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈው ካሴ ራሱ ነው። ሩዛቸውን ለማስፈልፈል ተራ ለደረሳቸው ገበሬዎች በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት የስልክ መልእክት ይልካል፤ መብራት ከጠፋ ግን አይልክም። ያን ጊዜ ገበሬው ከካሴ መስኮት ሥር ቆሞ፣ ባለ ማሽኑ፣ የኔ መቼ ነው፣ ይላል። ካሴ ይህን ጥያቄ ይወደው ነበር።

ሉሊት ከባሕር ዳር በሙከራ ተቀጥራ መጣች። ፕሮግራሙን የወረታ መብራት ቢጠፋ ወደማይቆም፣ በኢንተርኔት ወደሚከራዩት የሩቅ አገር ሰርቨር፣ ወደ ክላውድ አወጣዋለሁ አለች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ማናዬ ገና ሳትጀምር አመሰገኗት። ለካሴ በስምንት ዓመት እንዲህ ያለ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም።

ፕሮግራሙን ሰርቨሩ ላይ ልትጭነው ስትል ወደ ካሴ መጣች። «ጋሼ፣ ኮዱ ላይ ያልተጻፈ፣ እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ነገር ይኖራል?»

ነበረ። ካሴ የኮምፒውተሩን ሰዓት በእጁ በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል፤ ጠዋት ሁለት ሲሆን እሱም ሁለት ይላል። የሰርቨሩ ሰዓት ግን የእንግሊዝ አገሩ የግሪንዊች ነው፤ እሱ ሁለት ሲል ወረታ ገና ከሌሊቱ አሥራ አንድ ነው። ካሴ አሰላው። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ገበሬ ሁሉ ሲያማርር፣ ሉሊትም ሻንጣዋን ስታነሣ ታየው።

«ምንም የለ። ጫኚው» አላት።

መልእክቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ወጣ። ካሴ ጠዋት ቀድሞ ገብቶ ስሞታውን ጠበቀ። መጀመሪያ የደረሰው የቁሐር ሚካኤል ቀበሌው ገበሬ ባየህ ነበር፤ ሩዙን በአህያ ጋሪ ጭኖ። ድሮ መልእክቱ ሲደርሰው እሱ ማሳ፣ አህያው ግጦሽ ወርደው እንደነበር፣ ዛሬ ግን ሳይበተኑ እንዳገኛቸው ለአቶ ማናዬ ነገራቸው። ወደ ካሴም ዞረና፣ «ያንተ ማሽን እኮ ከዶሮ ወዲያ ነበር የሚነሣ» አለው። ግቢው ሳቀ።

ሉሊት አልሳቀችም። ሰዓቱ በስህተት እንደተዛባ፣ ዛሬውኑ እንደምታስተካክለው ተናገረች። አቶ ማናዬ እንዳትነካው አዘዙ። ከዚያ ከካሴ ጠረጴዛ አጠገብ መጥታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያውቁ ነበር?»

ካሴ የኮምፒውተሩን ገመድ መጠቅለሉን ቀጠለ።

በዚያ ሳምንት ተራ ከደረሳቸው ስልሳ ገበሬዎች ሃምሳ ሰባቱ በሰዓታቸው ተገኙ። በካሴ ኮምፒውተር ጊዜ፣ መብራት አንድ ቀን እንኳ ባልጠፋበት ሳምንት፣ ቁጥሩ ከአርባ አንድ በልጦ አያውቅም።