እታለም የነገረችኝ ግድያዎች

ደራሲው አሥራ አንድ የወንጀል ልብ ወለዶች ጽፏል። በአሥራ አንዱም ሰው የሚገደለው እሱ ተወልዶ ባደገባት ከተማ ነው። ራሱ ግን ኑሮውን ሌላ ቦታ ካደረገ ሃያ ዓመት አልፎታል። የከተማው ቤተ መጻሕፍት መጥቶ ስለ ሥራዎቹ እንዲናገር ሲጋብዘው ሦስት ቀን አስቀድሞ ሄደ። ከተማዋ ናፍቃዋለች፤ ያሳደገችው አክስቱም ዓይኗ እየደከመ መሆኑን ሰምቷል።

ከባቡር ጣቢያው ሻንጣውን እየጎተተ በእግሩ ሄደ። ድልድዩ ሥር በመጀመሪያው መጽሐፉ ጠበቃውን ገድሎታል። የጨርቃ ጨርቅ መደብሩ ደረጃ ላይ በሦስተኛው መጽሐፍ ሁለት ሬሳ ተገኝቷል። የድሮው መድኃኒት ቤት ግን ፈርሶ ስልክ መሸጫ ሆኗል። እዚያ ሲደርስ ሻንጣውን አቁሞ አየው፤ በሚቀጥለው መጽሐፉ መርዝ የምትገዛዋን ሴት ከእንግዲህ የት ያስገባታል? ጫማ ሰፊው ከሩቅ ለየውና፣ ሰፈሩን ጨርሶ ሰው አልባ ሊያደርገው አስቦ እንደሆነ ጠየቀው። ተሳስቀው ተቃቀፉ።

አክስቱን እታለም ነው የሚላት። እናቱ ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ወስዳ ያሳደገችው እሷ ናት። ሠላሳ አራት ዓመት ፍርድ ቤት ውስጥ የምስክር ቃል ስትተይብ ኖራለች። ማታ የነገ ሸሚዙን እየተኮሰች የዕለቱን መዝገብ ትነግረው ነበር፤ የባሏን ሰዓት ጓሮ ስለቀበረችው ሴት፣ በገዛ ወንድሙ ላይ ስለመሰከረው ማየት የተሳነው ፒያኖ ቃኚ። ወሳኙ ቦታ ላይ ስትደርስ ካውያዋን አንስታ ዝም ትላለች። በኋላ ስንት መጽሐፍ አንብቧል፤ የቱ ጋ ዝም እንደሚባል የተማረው ግን ከእሷ ነው።

በሩን ስትከፍትለት ፊቱን በእጇ ዳሰሰችው። ከስታለች። ክፍሉ እንዳለ ነው፤ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ሸራ የለበሰ የጽሕፈት መኪና። የእሱን መጻሕፍት መስኮቱ ላይ ደርድራቸዋለች፤ አሁን አሁን ጎረቤቷ ነርስ ናት የምታነብላት።

በማግስቱ ጠዋት ለቤተ መጻሕፍቱ ያዘጋጀውን ንግግር አሰማት። የመጀመሪያ አስተማሪዎቹ የፍርድ ቤት መዝገቦች እንደነበሩ የሚናገር ነው። ደስ እንዲላት ጠብቆ ቀና ሲል፣ የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልል ነበር።

«ይሄን በሰው ፊት ልታነበው ነው?» አለችው።

«አዎ። ምነው እታለም?»

«እኔ የሰው ገመና ከቢሮ ይዤ የምወጣ ሰው ነኝ?»

ግራ ገባው። ስለ ሰዓቷ ሴት፣ ስለ ፒያኖ ቃኚው ጠየቃት።

«ከራሴ ነው» አለች። «ሁሉም ከራሴ ነው።»

ቀስ እያለች ነገረችው። ፍርድ ቤት ውሎዋ አብዛኛው የአጥር ክርክርና ቀጠሮ ነበር። እናቱ በሞተች ሰሞን እሱ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተናገረም። አንድ ቀን ጭንቅ ሲላት፣ እየተኮሰች አፏ ላይ የመጣላትን ማውራት ጀመረች። መሀል ላይ ስታቆም «ከዚያስ?» አላት። ከዚያ በኋላ እንዴት ታቁም? ቀን ቀን እየተየበች የማታውን ሟች ታስብ ነበር። አንዴ በአጥር ክርክር ምስክርነት መሀል «ሬሳ» ብላ ጽፋ ዳኛው ተቆጥተዋታል።

የመጽሐፎቹ ምንጭ እውነተኛ መዝገብ እንደሆነ ለጋዜጠኞች በኩራት ሲያወራ ብትሰማም፣ እንዳታሳፍረው ብላ ዝም አለች።

ደራሲው መስኮቱ ላይ ያሉትን መጻሕፍት ቆጠረና፣ «ስለዚህ ካንቺ ታሪክ የተነሱት ስድስቱ መጽሐፎቼ ያንቺ ናቸው» አላት።

«አራቱ» አለች። «ሁለቱን አበላሽተሃቸዋል።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወደ ልቅሶ ዞረበት። እሷም ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

ንግግሩን ቀደደው። በቀጠሮው ቀን ክንዷን ይዞ ወስዶ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣትና እውነቱን በቃሉ ተናገረ። ሕዝቡ እሱን ትቶ እሷን መጠየቅ ጀመረ። አንዲት መምህርት የታሪኩን ገዳይ አስቀድማ ታውቀው እንደነበር ስትጠይቃት፣ ሸሚዙ ተተኩሶ እስኪያልቅ እንደማታውቅ መለሰች።

ደራሲው ለአንድ ሳምንት የመጣ ሰው ወር ከረመ። ከዚያ ሄዶ ዕቃውን ጭኖ ተመለሰና ከእሷ በላይ ያለውን ፎቅ ተከራየ። አሥራ ሁለተኛውን መጽሐፍ አብረው ጀምረዋል። እሱ ያኔ እሷን የተቆጡት ዳኛ ይሙቱ ይላል፤ እሷ ደግሞ ደግ ሰው ነበሩ ብላ አሻፈረኝ አለች።