ያልተከፈተው ሦስተኛ ደብዳቤ

፩

ሦስተኛው ደብዳቤ አልተከፈተም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ንጉሠ ነገሥቱ ከመቀመጫው ትራስ ሥር ደብቆ ተቀምጦበታል።

፪

ልማዱን ልንገራችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ከሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት፣ በደቡብ ቻይና፣ ያንግዜ ወንዝ ዳር በሠራሁት ቤተ መንግሥት፣ ያረጀ ሹም "አገሬ ልግባ" ብሎ ሲጽፍ ንጉሡ እንቢ ይላል። ቶሎ እሺ ካለ "ድሮም አልፈልግህም ነበር" ያሰኝበታል። ሁለተኛም እንቢ ይላል። በሦስተኛው ግን ከደብዳቤው ግርጌ "ይሁን" ብሎ ይጽፋል።

አንድ ቃል።

ከሦስተኛው በኋላ እንቢ ማለት ሽማግሌ ማሰር ነው።

(ንጉሡም ሹሙም የኔ ፈጠራ ናቸው። በታሪክ መጽሐፍ ብትፈልጓቸው ትደክማላችሁ።)

፫

ሰዎቹ፦

ንጉሠ ነገሥቱ። ሃያ ዓመቱ ነው። ስሙን መጥራት ነውር ስለሆነ እኔም አልጠራውም። አንቱ ባለማለቴ ግን አትቆጡኝ፤ ልጅ ሆኖ ነው የማውቀው።

ጉ ያንሼን። መምህሩና አማካሪው። ሰባ አንድ ዓመታቸው። ንጉሡ አባቱ ሞቶበት በስድስት ዓመቱ ሲነግሥ ዘውዱ አፍንጫው ድረስ ወረደበት። የሐር ጨርቅ አጣጥፈው ከውስጡ የወተፉለት እሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ ሄ። የጉ ሚስት። የስምንት ቀን መንገድ ርቀው አገር ቤት ይኖራሉ። ዐይናቸው እየጠፋ ነው።

፬

ወይዘሮ ሄ በጎረቤት እጅ ያስጻፉት፦

"አጥሩን ከሰው እስካሁን እለያለሁ። ኮኩ ሲያብብ ና። ከዚያ በኋላ እንጃልኝ። ፊትህን አንዴ ልየው።"

፭

የመጀመሪያው ደብዳቤ፦ "ጥርሴ አልቋል። ልሂድ።"

መልስ፦ "ሩዙን አላልተው ያበስሉልዎታል። ይቀመጡ።"

ሁለተኛው፦ "የሚስቴ ዐይን እየጠፋ ነው። ልሂድ።"

መልስ፦ "ሐኪም ልከናል። ይቀመጡ።"

ሐኪሙ ደርሶ ተመለሰ። "ኮኩ አብቦ እስኪረግፍ ቢቆይላቸው ነው" አለ። ንጉሡ ይህን በጆሮው ሰምቷል።

፮

የአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት፣ ቃል በቃል፦

ንጉሡ፦ ደብዳቤዎን ያላነበብኩት አሞኝ ነው፣ መምህር።

ጉ፦ ምንዎን ጃንሆይ?

ንጉሡ፦ ዐይኔን። ይቅር ይበሉኝ። አስቤ አይደለም የተናገርኩት።

ጉ፦ አውቃለሁ። ልጅ ሳሉም ትምህርት ሲሰለችዎ የሚያምዎት ዐይንዎን ነበር።

ንጉሡ፦ ካልተከፈተ እንዳልተጻፈ ነው።

ጉ፦ ይህን እኔ አላስተማርኩዎትም።

ንጉሡ፦ እርስዎ ሲሄዱ ማን ይቀርልኛል?

ጉ፦ ይክፈቱት፣ ልጄ።

በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ "ልጄ" ሲሉት ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

፯

እኔ ይህን ልጅ እወደዋለሁ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንደሚባለው ሆነበት እንጂ ክፋት የለበትም። እኔም ብሆን ደብዳቤውን እቀመጥበት ነበር። እናንተስ?

፰

ከፈተው።

፱

"ጃንሆይ፤

በተቆጡ ቀን ምንም ላይ 'ይሁን' አይጻፉ። ይብሉ፣ ይተኙ፣ ከዚያ ያንብቡት።

የሚያሞግስዎት ሰው ሲመጣ፣ የመጣበትን ጉዳይ ሳይናገር አያሰናብቱት።

በብርድ አንገትዎን ይሸፍኑ። ሳልዎ ችላ ሲሉት ይብስብዎታል።

ከዘውድዎ ውስጥ በየሁለት ዓመቱ አንድ እጥፍ ጨርቅ ሳወጣ ኖሬአለሁ። አላወቁብኝም። አንዲት እጥፍ ቀርታለች። እሷን እርስዎ ያውጧት።

ከግርጌ ሰፊ ቦታ ትቼልዎታለሁ። እንቢ ለማለት ብዙ ምክንያት ይጻፍበታል። ለእሺ አንድ ቃል ይበቃል።"

፲

ዘውዱን አውልቆ በጣቱ ዳሰሰ። ጨርቋ አለች። ቀለሟ ለቋል፣ በላብ ደርቃለች። አወጣትና ዘውዱን መልሶ ደፋው።

አልወረደም።

ጉ ከበሩ አጠገብ ቆመው ያያሉ። ከሳቸው ኋላ፣ በግቢው ውስጥ፣ የኮኩ እምቡጥ መፈንዳት ጀምሯል። መንገዱ ስምንት ቀን ነው።

ንጉሡ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ። ከዚያ ወደ እናንተ ዘረጋው። ያቺን አንድ ቃል እናንተ ጻፉለት።

፲፩

መልስ፦


.  .  .  .  .  .  .