ሁለት ስንዝር አፈር

ለሰማም ላልሰማም ይድረስ፦ በአምባሰል፣ ከውጫሌ በላይ ባለው ሸንተረር ላይ፣ ረቡዕ ረፋዱ ላይ የአንድ መኪና ጎማ ተንፍሷል።

የተጎዳ የለም። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገው፤ ጎማው መልስ አልሰጠም። መኪናው የጫነው የወርቅ ፍለጋ መቆፈሪያ ማሽን ነበር። ወደ ላይኛው ጉብታ ይሄዳል የተባለው እዚያው ቆመ። የቁፋሮው ባለሙያ ሰላማዊት የምትባል ወጣት ናት፤ ካርታዋን ዘርግታ አየችና «እዚህም ምልክት አለን፤ በቃ ከዚህ እንጀምር» አለች።

«እዚህ» ያለችው ከሙአዊያ ቀብር አጠገብ ነው።

ሙአዊያ ግን ቀብሩ ውስጥ የለም። ይህን ከእናቱ ከዋሲላ በቀር ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። በጦርነቱ ጊዜ የጠፋ በሬ ፍለጋ እንደወጣ ቀረ፤ በሬው ተመለሰ። ጦርነቱ ሲያልፍ ዋሲላ የልጇን ፎቶ በጉያዋ ይዛ ሐይቅ ወረደች፣ ደሴ ገባች፣ ሆስፒታሉንም እስር ቤቱንም አዳረሰችው። እህል ተወች። ከሰውነት ተራ ስትወጣ ባሏ አብዱልሃሚድ የቅሬውን ዳኛ አያ ሽታውን «ቀብር አብጁላትና ትትረፍልኝ» ብሎ እግሩ ላይ ወድቆ ለመነው። አያ ሽታው ክርስቲያን ነው፤ ቅሬው ግን ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የሚቀብር የጋራ እድር ነውና ሰዎቹን ይዞ ሸንተረሩ ላይ ወጣ። በዶማ ቢመቱት መሬቱ ትንሽ አፈር ሰጣቸውና ከሥሩ አለቱ እሳት ተፋባቸው። እነሱም ድንጋይና አፈር ከመሩበትና «በወደቀበት ቀበርነው» አሏት። ሸሁ መጥተው ዱዓ እንዲያደርጉ ሲጠየቁ፣ «ለጠፋም ዱዓ ይደረጋል» ብለው አደረጉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዋሲላ እህል ቀመሰች። ጁምዓ ጁምዓ እየወጣች ከክምሩ ጎን ቁጭ ትልና ለልጇ የሰፈሩን ወሬ ትነግረዋለች። ላም እንኳ ብትወልድ ከሁሉ በፊት የሚሰማው እሱ ነው።

ማሽኑ የት እንደቆመ ሲሰማ አያ ሽታው እየሮጠ ደረሰ፤ አብዱልሃሚድም ከኋላው።

«ልጄ፣ እዚህ ወርቅ የለም» አላት አያ ሽታው።

«እንዴት አወቁ አባባ?»

«ቆፍረነው ነዋ!»

አብዱልሃሚድ በክርኑ ጎሸመው።

«ለምን ብላችሁ ቆፈራችሁ?»

«ለ... ሽንት ቤት።»

«እዚህ ጫፍ ላይ?»

አያ ሽታው ዙሪያውን ቃኘ። «ነፋሻ ነው» አለ።

ሠራተኞቹ ሳቁ። ሰላማዊት ግን ክምሩን አይታዋለች። «ይኸስ ምንድን ነው?»

«የልጄ ቀብር ነው» አለ አብዱልሃሚድ። ሳቁ ቆመ።

ሰላማዊት ቆቧን አወለቀች። ይቅርታ ጠየቀች፤ ማሽኑን ራቅ አስደረገች፤ ክምሩን ማንም እንዳይረግጠው ዙሪያውን ገመድ አስወጠረችለት። ክፉ ሰው ብትሆን ይሻል ነበር።

«ማሽኑ ወርቅ አያወጣም አባባ» አለች። «የሚያወጣው ድንጋይ ነው። ከታች ወርቅ መኖሩን፣ ካለም ስንት እንደሆነና ለማውጣት ያዋጣ እንደሆነ ድንጋዩ ይነግረናል።»

«ድንጋዩ ሁሉን ይናገራል?»

«ከላይ እስከ ታች።»

አያ ሽታው አብዱልሃሚድን አየው።

ቁፋሮው ተጀመረ። እንደ ዘነዘና ድቡልቡል ያለ ድንጋይ ከብረት ቱቦው እየወጣ፣ እንደ አወጣጡ ተራ በተራ በረጃጅም ሳጥን ይደረደራል። ወርቁ ገና ሳይገኝ ሱቅ ውስጥ ስኳር ተወደደ።

ጁምዓ ደረሰ። አብዱልሃሚድ «ዛሬ እንኳ ቅሪ፣ የማሽኑ ጩኸት ራስሽን ያምሻል» ቢላት፣ ዋሲላ «ሙአዊያም ጩኸት አይወድም። ብቻውን ልተወው?» አለችና ወጣች። አብዱልሃሚድ አያ ሽታውንና የቅሬውን ሰዎች ጠርቶ ተከተላት።

ስትደርስ ማሽኑ ለምሳ ቆሟል።

«እነማን ናችሁ ልጄን የምትነቀንቁብኝ?»

ሰላማዊት እጇን ይዛ ጥላ ውስጥ አስቀመጠቻት። «እማማ፣ አይስጉ። ወላሂ አልነካነውም» አለች፤ ወላሂን የለመደችው እዚሁ ነው። የመጀመሪያውን ሳጥን ከፈተችላት። «ይኸው ይዩ። ይቺ የላይኛዋ አፈር ናት፤ ሁለት ስንዝር ብትሞላ ነው። ከሷ በታች ያለው አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ፈጣሪ ካስቀመጠው ጀምሮ ማንም ከፍቶት አያውቅም።»

ዋሲላ ድንጋዩን ዳሰሰችው።

«እዚያስ?» አለች፣ በአገጯ ወደ ክምሩ እያሳየች።

«ፀሐዩ በረታ፤ እንውረድ» አለ አያ ሽታው።

«ሸንተረሩ በሙሉ አንድ ነው እማማ» አለች ሰላማዊት። ማጽናናቷ ነው። «ያለ ማሽን የሚከፍተው የለም። ልጅዎ ያረፈው...»

የተናገረችው ለራሷም የተሰማት ያን ጊዜ ነው።

ዋሲላ ወደ ባሏ ዞረች። «በምን ቆፈራችሁት?»

አብዱልሃሚድ ወደ አያ ሽታው ዞረ።

«አያ ሽታው፣ በምን ቆፈራችሁት?»

«በ... ዶማ» አለ አያ ሽታው፣ ጫማውን እያየ።

ሰዎቹ ኡኡታዋን ጠበቁ። ሁለቱ ብትወድቅ ሊይዟት ተጠጉ። ዋሲላ ግን ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች። ክምሩን ዞራም አላየችው።

«ወይኔ» አለች፤ «ቤቱን ቆልፌው ነው የመጣሁት።»

«አንቺ ዋሲላ...»

«ይህን ሁሉ ጁምዓ እየቆለፍኩ ነው የምወጣው! መጥቶ ቢሆንስ? ተዘግቶ አግኝቶት፣ ደጅ ቆሞ ቆሞ ተመልሶ ቢሆንስ?»

ቁልቁለቱን እየተንደረደረች ወረደች። አብዱልሃሚድ ሊጠራት አፉን ከፈተ፤ ምን ብሎ ይጥራት? ቤቱ ገና ከታች ነው፣ ከወንዙ ማዶ። እሷ ግን ቁልፉን ከአሁኑ አውጥታ በእጇ ይዛዋለች።