ያልበረደ ብየዳ

ሰማችሁ፣ ጮኸችኮ፣ ደስ ብሏት ነው፣ ይላሉ መምሬ ገብረ ኪዳን፣ መኪናዋን የረጩበትን የጠበል ጆግ እንደ ያዙ ይስቃሉ፣ ነጂው የኔነህም ይስቃል፣ አዛናው ግን አይስቅም፣ ጭስስ ያለው ከውድድር መኪናዋ ፊት ጎማ ሥር ነው፣ ጎማውን የሚይዘውን ክንድ በይዶ ከተነሣ ገና አምስት ደቂቃው፣ እንፋሎቱ አሁንም ይወጣል፣ ለምን እጃቸውን አልያዘም፣ የካህን እጅ ይያዛል እንዴ።

ብየዳ ቀስ ብሎ ይብረድ። ለሠራተኞቹ ሁሌ የሚለው ይኸንኑ ነው፣ ፈታችሁ የሩዝ ገለባ አመድ ውስጥ ቅበሩት፣ አድሮ ይውጣ፣ ዛሬ ራሱ ቸኩሎ ሳይፈታ በየደው፣ ያኔ ሐሙሲት ከተማ ላይ የሩዝ መውቂያ ማሽን ዘንግ በይዶ፣ በውኃ አቀዝቅዞ አስረክቦ፣ በማግሥቱ ለሁለት ተከፈለ፣ ስብራቱ እንደ ጨው ያብለጨልጫል፣ መውቂያ ግን ቢሰበር ይቆማል እንጂ በሰዓት መቶ ስልሳ አይበርም።

አሥራ ሁለት ዓመት። የመጀመሪያዋ መኪናው በባጃጅ ሞተር፣ ጎርፉ ከፎገራ ሲሸሽ ሜዳው ላይ ላሞቹን እየበተነች፣ ወረታ ሙሉ አዛናው አበደ እያለ፣ ሁለተኛዋ ተገልብጣ የሰበረችው የራሱን ትከሻ፣ ይቺ ሦስተኛዋ፣ ከቧንቧዋ እስከ መሪዋ እሱ የሳላት፣ እሁድ ባሕር ዳር ትወዳደራለች፣ ወረቀቱ ላይ ሠሪ አዛናው ይላል፣ ሌላ ክንድ የለም፣ ከቆረጠው እሁድ የለም፣ ምናልባት ደህና ነው፣ ጥቂት ጠብታ ነው፣ ምን ጠብታ፣ ግማሽ ጆግ አፍሰውበት።

የኔነህ። አዛናው ወደ ነጂው ይዞራል። ክንዱ ይቆረጥ፣ ሳይበርድ ውኃ ነክቶታል።

ምን ውኃ፣ ጠበል ነው እንጂ፣ ይላል የኔነህ፣ መምሬ ፊት እንዲህ ይባላል?

ጥፋቱ የኔ ነው፣ መምሬ ይቅር ይበሉኝ፣ ትኩስ መሆኑን ልነግርዎ ይገባኝ ነበር።

መምሬ አይቆጡም፣ ጆጉን መሬት ያስቀምጣሉ። እኔ ብረት አላውቅም ልጄ፣ አንተ ካልህ ቁረጠው።

እርስዎ የባረኩትን ነው የሚቆርጠው? ትከሻው ከተሰበረ ወዲህ እኮ ጥላውን ይፈራል፣ ይላል የኔነህ፣ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፣ ሜዳው ላይ ልሞክራት፣ ከያዘች ያዘች፣ ሞተሩ ይነሣል፣ ቆርቆሮው ጣሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ምን ያምራል ድምፁ፣ አሁንም እንኳ ያምራል፣ ቁልፉን፣ አዛናው በበሩ በኩል እጁን ይሰዳል፣ ቁልፉን ስጠኝ፣ የኔነህ፣ በታንጉት ሞት፣ በእኅቴ በሚስትህ ሞት፣ ምን እላታለሁ።

አሸነፈ በላት። እጅህን አንሣ።

አዛናው እጁን ያነሣል።

በሩ ይዘጋል።